አንዱ ቤት የተማረው ለሌላው ቤት ይድረስ

«እርጅና ብቻህን ና» ይላል የአገሩ ሰው። ዕድሜ ይምጣ፣ ጠጉርም ይሸብት፣ ነገር ግን እርጅና በሽታን፣ ችግርንና ብቸኝነትን አስከትሎ አይምጣ ማለቱ ነው። ይሁን እንጂ እርጅና ብቻውን የማይመጣበት ቤት ብዙ ነው። ተከትለውት ከሚመጡት ክፉ እንግዶች መካከል ቤተሰብን እጅግ የሚያደክመው የመርሳት ሕመም ነው።

ለአብነት ያህል በአዲስ አበባ ምሥራቃዊ ክፍል በምትገኘው በገርጂ የሚኖሩ አንድ አባት አሉ እንበል። አርባ ዓመት ሲያርሱ የኖሩ፣ ባለቤታቸው ካረፉ በኋላ ልጃቸው ከገጠር ያመጣቻቸው ናቸው። ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን ተነሥተው በሬዎቹን ለመፍታት በሩን ይከፍታሉ። ደረጃውን ወርደው ከግቢው ይወጣሉ። ሲመለሱ ግን የኮንዶሚኒየሙ ሕንፃዎች በመልክም በቁመትም አንድ ስለሆኑባቸው የትኛው የልጃቸው ቤት እንደሆነ ይጠፋቸዋል። ልጅቱም አባቷን ፍለጋ በነጠላዋ ትሮጣለች። ከአንድ ዓመት ልፋት በኋላ ከበሩ ላይ አባትየው የሚያውቁትን ሞሰብ ማንጠልጠል፣ የሌሊት መብራት መተው፣ ለግቢው ጥበቃ አስቀድሞ መንገር፣ «በሬዎቹ እኮ ተሸጠዋል» ብሎ ከመከራከር ይልቅ «በሬዎቹ ገና ገለባ እየበሉ ነው፣ እስኪነጋ እንቆይ» ማለት እንደሚሻል ትማራለች። ይህን ዕውቀት የገዛችው በእንባና በእንቅልፍ እጦት ነው።

በሚቀጥለው ሕንፃ ደግሞ ሌላ ልጅ ሌላ እናት ይዛ ከሀ ትጀምራለች። የመጀመሪያዋ የተማረችው ለሁለተኛዋ አልደረሰም። የዚህ ጽሑፍ መነሻም ይኸው ነው። የመርሳት ሕመም ያለባቸውን አረጋውያን ለመንከባከብ የሚያስፈልገው ዕውቀት በአገሪቱ የለም ማለት አይቻልም፤ አለ፤ ነገር ግን በየቤቱ፣ በየእድሩና በየመርጃ ማዕከሉ ተበታትኖ ተቀምጧል። ያንን ዕውቀት ከቤት ወደ ቤት፣ ከቀበሌ ወደ ቀበሌ የሚያደርስ ሥራ ደግሞ ያለ በጀት አይሠራም። ስለዚህ መንግሥት ለዚህ ጉዳይ ራሱን የቻለ በጀት መመደብ ይኖርበታል።

ጉዳዩ የከተማ ብቻ አይደለም

ይህ ነገር ለገበሬ ማኅበር መሪዎች ምናቸው ነው የሚል ጥያቄ ሊነሣ ይችላል። መልሱ ቀላል ነው። ከላይ የተጠቀሱት ዓይነት አባት ገርጂ የደረሱት ከአንድ ቀበሌ ተነሥተው ነው። ወደ ከተማ ከሚመጡት ይልቅም በትውልድ ቀዬአቸው የሚቀሩት ይበዛሉ። በገጠር ደግሞ አደጋው ሌላ መልክ ይይዛል። የሚያቋርጡት ጎዳና ሳይሆን ወንዝ ነው፤ የሚረሱት የጋዝ ምድጃ ሳይሆን የጎጆ እሳት ነው፤ የሚጠፉት በሕንፃ መካከል ሳይሆን በገደልና በጫካ ነው።

ከዚህም ሌላ መሬት አለ። አንድ አረጋዊ ባለይዞታ ያንኑ ማሳ ለሁለት ሰው ቢያከራዩ፣ የተቀበሉትን ገንዘብ ረስተው «አልተከፈለኝም» ቢሉ፣ ወይም ያላወቁት የስጦታ ውል ላይ አውራ ጣታቸውን ቢያሳርፉ ጠቡ የሚመጣው ወደ ቀበሌው ነው። ሽማግሌ ይቀመጣል፤ ወንድማማች ይካሰሳል፤ አንዳንድ ጊዜም ደም ይፈሳል። የገበሬ ማኅበር መሪ ስለዚህ ሕመም ምንም ካላወቀ አረጋዊውን እንደ ዋሾ፣ ተዋዋዩን እንደ አጭበርባሪ ቆጥሮ ሁለቱንም ሊበድል ይችላል። የመርሳት ሕመምን ማወቅ እንግዲህ የጤና ሠራተኛ ሥራ ብቻ ሳይሆን የዳኝነትም ሥራ ነው።

የገበሬ ማኅበራት ለአረጋውያን ጉዳይ እንግዳ አይደሉም። ማኅበራቱ የተመሠረቱበት የ1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት አዋጅ በቅጥር ጉልበት ማሳረስን ሲከለክል፣ ለታመመና ላረጀ ባለይዞታ ግን ይህን ፈቅዶ ነበር። ሕጉ ራሱ ያረጀ ሰው እንደ ጎልማሳው ሊታይ እንደማይገባ ተረድቶት ነበር ማለት ነው። ያ አዋጅ ዛሬ በሌሎች ሕጎች ተተክቷል። ስሙ ግን በሰዉ አፍ እንዳለ ነው፤ በብዙ ገጠር ቀበሌው ዛሬም «ገበሬ ማኅበር» እየተባለ ይጠራል። ከስሙ ጋር ይህ አስተያየትም ሊቀጥል ይገባል።

«ጃጀ» የሚለውን ቃል መተው

በመጀመሪያ ነገሩን በስሙ መጥራት ያስፈልጋል። በገጠርም ሆነ በከተማ አንድ አረጋዊ መርሳት ሲጀምር «ጃጀ» ይባላል። ቃሉ ሁለት ጉዳት አለው። አንደኛ ሰውን ያዋርዳል፤ ልጆች ይሥቁበታል፤ ቤተሰብም ያፍርና አረጋዊውን ከጓዳ ይደብቃል። ሁለተኛ ሕመሙን ከእርጅና ጋር አንድ ያደርገዋል፤ «ዕድሜ ነው፣ ምን ይደረጋል» ያሰኛል። በሌላ ወገን ደግሞ እርግማን ወይም ክፉ መንፈስ ነው የሚል አለ። ጠበል መውሰድና መጸለይ የቤተሰቡ ፈቃድ ነው፤ ሆኖም ጠበሉ ሕክምናን የሚያስቀር፣ አረጋዊውን የሚያስርብ ወይም የሚያሳስር መሆን የለበትም።

በዚህ ረገድ የጃፓን ልምድ የሚጠቅም ነው። የጃፓን መንግሥት እ.ኤ.አ. በ2004 ለዚህ ሕመም ይሠራበት የነበረውን የሚያዋርድ ቃል በይፋ ለውጦ በሌላ ተካው። በሚቀጥለው ዓመት ደግሞ ለማንኛውም ዜጋ የሚሰጥ የ90 ደቂቃ ያህል ትምህርት ጀመረ። ባለሱቁ፣ የባንክ ሠራተኛው፣ ፖሊሱ፣ ተማሪው ሁሉ ይህን ትምህርት እየወሰደ የሕሙማን ደጋፊ ይሆናል። እስከ ዛሬም ከ10 ሚሊዮን በላይ ሰዎች ተምረውታል። አንድ ሰዓት ተኩል የሚሆን ትምህርት በአንድ የእድር ስብሰባ የሚያልቅ ነው። ስለዚህ የሀብታም አገር ሥራ ነው ተብሎ የሚተው አይደለም።

የሕመሙ ምንነት

የመርሳት ሕመም አንጎልን የሚያጠቁ የልዩ ልዩ በሽታዎች ውጤት ነው። ከእነዚህም ዋነኛው እ.ኤ.አ. በ1906 ስለ በሽታው ባስረዳው በጀርመናዊው ሐኪም በአሎይስ አልዛይመር ስም የሚጠራው ነው። ሰውየው በመጀመሪያ የቅርቡን ይረሳል፤ የሩቁን ግን ያስታውሳል። የትናንቱን እራት ረስቶ የልጅነቱን አዝመራ ይተርካል። ቀጥሎ ቀንና ቦታ ይምታቱበታል፤ የለመደው ሥራ ይጠፋዋል፤ ጠባዩም ይለወጣል። በመጨረሻ ልጆቹን መለየትና መጉረስ እንኳ ይሳነዋል።

እንደ ዓለም ጤና ድርጅት አኃዝ እ.ኤ.አ. በ2021 በዓለም 57 ሚሊዮን ሰዎች ከዚህ ሕመም ጋር ይኖሩ ነበር። ከእነዚህም ከ60 በመቶ በላይ የሚሆኑት ዝቅተኛና መካከለኛ ገቢ ባላቸው አገሮች የሚኖሩ ናቸው። በየዓመቱም ወደ 10 ሚሊዮን የሚጠጉ ሰዎች አዲስ ይያዛሉ። በኢትዮጵያም ቢሆን ሰው ዕድሜው እየረዘመ ነው። እ.ኤ.አ. በ1990 ሲወለድ ይጠበቅ የነበረው አማካይ ዕድሜ ከ50 ዓመት በታች ሲሆን፣ በ2019 ከ65 ዓመት በልጧል። ይህ የክትባት፣ የንጹሕ ውኃና የጤና ጣቢያ ፍሬ ስለሆነ የሚያስደስት ነው። ነገር ግን ዕድሜ ሲረዝም የዕድሜ በሽታም ይበዛልና አስቀድሞ መዘጋጀት ተገቢ ነው።

የሕመሙ ሸክም የሚወድቀው በአብዛኛው በሴቶች ላይ ነው። ለእነዚህ ሕሙማን ከሚውለው የእንክብካቤ ሰዓት 70 በመቶ የሚሆነውን የሚሸፍኑት ሴቶች እንደሆኑ ይኸው ድርጅት ይገልጻል። በገጠር ቤት ይህ ማለት እንጨት የምትለቅመው፣ ውኃ የምትቀዳውና እንጀራ የምትጋግረው እናት ወይም ምራት በዚህ ሁሉ ላይ አረጋዊ ስትጠብቅ ትውላለች ማለት ነው። ትምህርቷን የምታቋርጥ ልጅም ትኖራለች። «ልጅ ወላጁን ይጦራል» የሚለው ባህል የሚያኮራ ነው። ይሁን እንጂ ባህሉን ማን ተሸክሞት እንዳለ ማየት ያስፈልጋል።

ዕውቀቱ የት ይገኛል?

ዕውቀት ከውጭ ብቻ የሚመጣ ሳይሆን በአገር ውስጥም የተከማቸ አለ። ከገርጂ ብዙም ሳይርቅ በዚያው በከተማይቱ ምሥራቅ የመቄዶንያ የአረጋውያንና የአእምሮ ሕሙማን መርጃ ማዕከል ይገኛል። በ2002 ዓ.ም. በአቶ ቢንያም በለጠ የተመሠረተው ይህ ማዕከል ጥቂት ሰዎችን ከጎዳና በማንሣት ጀምሮ ዛሬ በሺህ የሚቆጠሩ ወገኖችን ያኖራል። እዚያ የሚሠሩ ሰዎች የሚጮህን አረጋዊ እንዴት እንደሚያረጋጉ፣ አልበላም ያለውን እንዴት እንደሚያጎርሱ፣ የሚሸሸውን እንዴት እንደሚመልሱ በየቀኑ ከሥራቸው ይማራሉ። ይህ ዕውቀት በግቢው አጥር ውስጥ ሊቀር አይገባም።

እድሮችም ልምድ አላቸው። የኤችአይቪ ኤድስ ወረርሽኝ በበረታበት ዘመን በአዲስ አበባና በሌሎች ከተሞች ብዙ እድሮች ከቀብር ሥራ አልፈው ሕሙማንን በቤታቸው መንከባከብና ወላጅ ያጡ ሕፃናትን መርዳት ጀምረው ነበር። ሰውን ከሞተ በኋላ ብቻ ሳይሆን በሕይወት ሳለም መርዳት እንደሚቻል ያኔ ታይቷል።

ገበሬውስ ቢሆን? በ1979 ዓ.ም. የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲና የስዊድኑ ኡሜኦ ዩኒቨርሲቲ የቡታጅራ ገጠር ጤና ፕሮግራምን ሲያቋቁሙ ጥናቱን የመሠረቱት በዘጠኝ የገበሬ ማኅበራትና በአንድ የከተማ ነዋሪዎች ማኅበር ላይ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ መጨረሻ ደግሞ በዚሁ አካባቢ ከባድ የአእምሮ ሕመም ያለባቸውን ለማወቅ ከ68 ሺህ በላይ ሰዎች ቤት ለቤት ሲጠየቁ፣ የአካባቢውን ሰው ጠንቅቀው የሚያውቁ ጠቋሚዎችም ተሳትፈዋል። በየጓዳው ያለውን ሕመምተኛ ለማወቅ ከሐኪሙ ባልተናነሰ የቀዬው ሰው እንደሚጠቅም በዚህ ታይቷል። ይህ የገበሬ ማኅበራት ታሪክ አካል ነው፤ ሊኮሩበትም ይገባል።

በ1995 ዓ.ም. የተጀመረው የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራምም በሺዎች የሚቆጠሩ ሴት ሠራተኞችን በየቀበሌው አሰማርቷል። ሥራው በእናቶችና በሕፃናት ጤና፣ በክትባትና በመጸዳጃ ቤት ላይ ያተኮረ ሆኖ ቢጀመርም፣ በኋላ ተላላፊ ያልሆኑ በሽታዎችና የአእምሮ ጤና ተጨምረውበታል። እንግዲህ ወደ ቤቱ የሚገባ እግር አለ ማለት ነው። የጎደለው ያ እግር ከአንዱ ቤት የተማረውን ለሌላው የሚያደርስበት ሥርዓት ነው።

ለስንዴ የተደረገው ለሰውም ይደረግ

ገበሬው ዕውቀት እንዴት እንደሚተላለፍ ከማንም በላይ ያውቃል። በ1960 ዓ.ም. ካዱ በሚል ስሙ የሚታወቀው የጭላሎ እርሻ ልማት ድርጅት በአርሲ ሥራ ሲጀምር የተሻሻለ ስንዴና ማዳበሪያን ያስተዋወቀው በወረቀት ብቻ አልነበረም። የማሳያ ማሳ አዘጋጀ፤ ግንባር ቀደም ገበሬ መረጠ፤ ጎረቤት መጥቶ እንዲያይ አደረገ። ገበሬ በጎረቤቱ ማሳ ያየውን ያምናል። ዛሬም የአርሶ አደር ማሠልጠኛ ማዕከላትና የልማት ሠራተኞች ያሉት፣ የመስክ ቀን የሚከበረው በዚሁ ምክንያት ነው። ለዚህ ሁሉ መንግሥት በጀት ይመድባል። «ስንዴ ዘሪው ራሱ ይጠያየቅ» ብሎ አልተወውም።

በቤቶች ልማትም ይኸው መንገድ ተሠርቶበታል፤ ለዚህም ማስረጃው ገርጂ ራሷ ናት። በ1996 ዓ.ም. የአዲስ አበባ ከተማ አስተዳደር በጀርመን የቴክኒክ ትብብር ድርጅት እገዛ የኮንዶሚኒየም ቤቶችን ለመጀመሪያ ጊዜ የሞከረው በቦሌ ገርጂ ነበር። ወደ 700 የሚጠጉ ቤቶች በሙከራ ተሠሩ። የግንባታው ዘዴ፣ ወጪውና ችግሩ ከታየ በኋላ ሥራው ወደ ሌሎች ሰፈሮችና ወደ ክልል ከተሞች ተዛመተ። በአንድ ሰፈር የተማሩትን ለአገር ማዳረስ እንዲህ ነው። እንግዲህ ለሲሚንቶና ለብሎኬት የተደረገው በዚያው ሕንፃ ውስጥ ለሚኖሩት አዛውንቶች የማይደረግበት ምክንያት የለም።

በጀቱ ለምን ይዋል?

የውጭውን ምሳሌ ለማየት ያህል የካናዳ መንግሥት እ.ኤ.አ. በ2018 በጀቱ በየአካባቢው ለሚካሄዱ የመርሳት ሕመም ፕሮጀክቶች በአምስት ዓመት 20 ሚሊዮን የካናዳ ዶላር፣ ከዚያም በኋላ በየዓመቱ 4 ሚሊዮን መድቧል። ትኩረት የሚስበው ከገንዘቡ መጠን ይልቅ አደራረጉ ነው። ገንዘቡ ለየፕሮጀክቱ ብቻ ተከፋፍሎ አላለቀም። ፕሮጀክቶቹ እርስ በርስ የሚማማሩበት፣ የሠራውንና ያልሠራውን የሚነጋገሩበት አንድ የዕውቀት ማዕከልም አብሮ እንዲደገፍ ተደርጓል። አንዱ የወደቀበትን ጉድጓድ ሌላው እንዳይወድቅበት ማለት ነው።

ኢትዮጵያ የካናዳን ያህል ገንዘብ የላትም፤ አያስፈልጋትምም። የሚያስፈልገው መዋቅር በአብዛኛው ተሠርቷል። በጤና ሚኒስቴርና በሴቶችና ማኅበራዊ ጉዳይ ሚኒስቴር መካከል ለዚህ ተጠያቂ የሚሆን አንድ ክፍል መሰየም፣ በየወረዳው በዓመት ሁለት ጊዜ አስታማሚዎች የሚገናኙበትን ቀን ማዘጋጀት፣ ከገጠር ወደ መርጃ ማዕከል፣ ከማዕከልም ወደ ገጠር ለሚመላለሱ ሰዎች የመጓጓዣ ወጪ መሸፈን፣ የተገኘውን ትምህርት በአማርኛ፣ በአፋን ኦሮሞና በሌሎችም ቋንቋዎች አሳጥሮ በሬዲዮ ማሰማት የመሳሰለው ለበጀቱ በቂ ጅማሬ ነው። ለአስታማሚዎች ቀን የአርሶ አደር ማሠልጠኛ ማዕከሉን አዳራሽ መጠቀም ይቻላል። ዘር የሚታይበት ቤት አንድ ቀን የአረጋውያን ጉዳይ ቢታይበት አይጎዳም።

አንድ ማስጠንቀቂያ ግን አለ። «ልምድ ልውውጥ» የሚለው ቃል ብዙ ጊዜ ወደ ሆቴል አዳራሽና ወደ አበል መጥሪያነት ሲለወጥ ታይቷል። ኃላፊዎች ከኃላፊዎች ጋር ተነጋግረው፣ ጽሑፍ ተነቦ፣ ምሳ ተበልቶ ይበተናል። አባቷን ሌሊት የምትጠብቀው ልጅ ግን ከአዳራሹ የለችም። ስለዚህ በጀቱ ሲመደብ አስታማሚዋ ራሷ እንድትገኝ፣ እሷ በሌለችበት ሰዓትም አረጋዊውን የሚጠብቅ ሰው እንዲኖር ግዴታ መደረግ አለበት። ይህ ካልሆነ ገንዘቡ ወጥቶ ዕውቀቱ ካለበት አይነቃነቅም።

ሁለት ተቃውሞዎች

አንዳንድ ሰዎች «በሽተኛ የሚያስፈልገው መድኃኒት ነው፤ ያለው ገንዘብ ለመድኃኒት ይዋል» ይላሉ። አስተያየቱ ከቅንነት የመነጨ ነው። ነገር ግን የመርሳት ሕመምን የሚያድን መድኃኒት እስከ ዛሬ አልተገኘም። እ.ኤ.አ. ከ2023 ወዲህ በአንዳንድ አገሮች የተፈቀዱት አዳዲስ መድኃኒቶችም በሕመሙ መጀመሪያ ላይ ያለውን ሰው መዳከም በመጠኑ ያዘገያሉ እንጂ አያድኑም፤ ዋጋቸውም እጅግ ከፍተኛ ከመሆኑ ሌላ ተደጋጋሚ የአንጎል ምርመራ ይጠይቃሉ። በእነዚህ ምክንያቶች ለዛሬው የገጠር ቤት ከሁሉ የቀረበው መድኃኒት የአስታማሚው ዕውቀት ነው።

መከላከልም ቢሆን በዕውቀት ላይ የተመሠረተ ነው። ላንሴት የተባለው የሕክምና መጽሔት ያቋቋመው ኮሚሽን እ.ኤ.አ. በ2024 እንዳመለከተው በዓለም ካለው የመርሳት ሕመም ወደ ግማሽ የሚጠጋው፣ ማለትም 45 በመቶ ያህሉ፣ ሊለወጡ ከሚችሉ 14 ምክንያቶች ጋር የተያያዘ ነው። የደም ግፊት፣ የስኳር በሽታ፣ የጆሮ መድከም፣ የዓይን ብርሃን መቀነስ፣ የጭንቅላት ጉዳት፣ ትምባሆ፣ መጠጥ ማብዛት፣ የተበከለ አየር፣ ብቸኝነትና በልጅነት ትምህርት ማጣት ከእነዚህ መካከል ናቸው። የደም ግፊትን በጤና ጣቢያ መለካት፣ የዓይን ሞራ ማስገፈፍ፣ ልጅን ትምህርት ቤት መላክ ሁሉ የዚህ ሕመም መከላከያ ነው።

ሌሎች ደግሞ «አረጋዊ መጦር የልጅ እንጂ የመንግሥት ሥራ አይደለም» ይላሉ። ማንም ልጅን ከግዴታው ይፍታው አላለም። ገበሬ ማሳውን የሚያርሰው ራሱ ነው፤ ሆኖም የልማት ሠራተኛ ሲልክለት መንግሥት ሞፈሩን አልቀማውም። ልጅ ወላጁን ይጦራል፤ እንዴት እንደሚጦር የሚያስተምረው ማግኘት ደግሞ መብቱ ነው። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ መባሉም ለዚሁ ነው።

ከመሪዎቹ የሚጠበቀው

በጀት እስኪመጣ እጅን አጣጥፎ መጠበቅ ግን አያስፈልግም። የገበሬ ማኅበር መሪዎች ያለ አንድ ብር ወጪ ሊጀምሩት የሚችሉት ሥራ አለ።

መጀመሪያ ከጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋና ከእድር ዳኞች ጋር ሆነው በቀበሌያቸው የሚረሱና መንገድ የሚጠፋቸው አረጋውያን በየትኛው ቤት እንዳሉ ማወቅ ይገባቸዋል። ዓላማው አስታማሚዋን ለመርዳትና አረጋዊው በጠፋ ጊዜ ፈጥኖ ለመፈለግ ስለሆነ፣ የቤተሰቡ ገበና ተጠብቆ መደረግ አለበት።

ሁለተኛ መርሳት የጀመረ አረጋዊ ሁሉ ወደ ጤና ጣቢያ እንዲሄድ መምከር ነው። የሚታከም ምክንያት ሊኖር ይችላልና። የእንቅርት ዕጢ ሥራ መዛባት፣ የአንዳንድ ቫይታሚን እጥረት፣ ከባድ ኀዘንና ድብርት ሰውን ሊያስረሳ ይችላል። በተለይ በአንድ ቀን ወይም በሁለት ቀን ውስጥ ድንገት የተምታታበት አረጋዊ ኢንፌክሽን ወይም ሌላ አጣዳፊ ሕመም ይዞት ሊሆን ስለሚችል ሳይውል ሳያድር ሐኪም ዘንድ መቅረብ አለበት።

ሦስተኛው የመሬት ጉዳይ ነው። መርሳቱ በታወቀ አረጋዊ ስም የኪራይ ወይም የስጦታ ውል ሲቀርብ፣ የቀበሌው የመሬት አስተዳደር ሰዎች ቸኩለው ማኅተም ከመምታት ይቆጠቡ። ቤተሰቡ በሙሉ ባለበት፣ አረጋዊው በሚነቁበት ሰዓት፣ በገዛ ቃላቸው ይጠየቁ። ነገሩ ከዚህ ካለፈ የ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕግ አእምሮው የተጓደለ ሰው ንብረቱ በፍርድ ቤት ውሳኔ የሚጠበቅበትን መንገድ አስቀምጧልና ቤተሰቡን ወደዚያ መምራት ይገባል። በአንጻሩ ደግሞ «ይረሳል» በሚል ሰበብ ጤነኛ አረጋዊን ከመሬቱ ለማፈናቀል የሚሞክር እንዳይኖር መጠንቀቅ ያስፈልጋል። ሁለቱም ግፍ ነው።

አራተኛ በየስብሰባው መጨረሻ ለአስታማሚዎች ጥቂት ደቂቃ መስጠት ነው። አንዷ እናቷ ጥጥ እየፈተሉ ሲውሉ እንደሚረጋጉ ትናገር፤ ሌላው አባቱ እህል ሲለቅሙ ጭንቀታቸው እንደሚቀንስ ይመስክር። ይህን አንድ ማንበብ የሚችል ወጣት በደብተር ይያዘው። ደብተሩ ሲሞላ ወደ ወረዳው ይላክ፤ ከሌላው ቀበሌ ደብተር ጋርም ይነጻጸር። ከብዙ ቀበሌ የተሰበሰበ ደብተር ይዞ በጀት የሚጠይቅ መሪ ባዶ እጁን ከሚጠይቀው ይልቅ ይሰማል።

በመጨረሻም ልጆቻቸው ወደ አዲስ አበባ የሚወስዷቸው አረጋውያን ጉዳይ አለ። አንድ አባት ከቀዬአቸው ሲነሡ ዕቃቸው ብቻ ሳይሆን የሚያውቁት ሁሉ ይቀራል። ወደ ገርጂ የሚሸኛቸው ሰው ስለ እርሳቸው የሚያውቀውን ለልጃቸው አብሮ ይሸኝ። በየትኛው ሰዓት ይነሡ እንደነበር፣ በሬዎቻቸውን በምን ስም ይጠሩ እንደነበር፣ ሲናደዱ ማን ያበርዳቸው እንደነበር ይንገራት። ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ላይ በሩን ሲከፍቱ ልጃቸው የበሬዎቹን ስም ጠርታ «አሁን ተኝተዋል» ብትላቸው ተመልሰው ሊተኙ ይችላሉ። መንግሥት በጀት ሊመድብለት የሚገባው ዕውቀት ይህን የመሰለው ነው፤ በየቀበሌው አለ፣ የሚያደርሰው ግን ይፈልጋል።